በአደባባይ የተሰበረ ስም በጓዳ አይጠገንም

ሰው ለምክር በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ስሕተት አይጠፋም። አንዱ ያላጣራውን ወሬ እንደ ታወቀ እውነት አድርጎ ይናገራል፤ ሁለተኛው የባልንጀራውን ነገር እስኪፈጽም ሳይታገሥ ያቋርጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ በክርክሩ መርታት ቢሳነው የተከራካሪውን ትውልድና ድኽነት አንሥቶ ያዋርዳል። ይህ ሁሉ ክፉ ነው፤ ነገር ግን ከአዳም ልጆች የሚጠበቅ ክፋት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ከስሕተቱ በኋላ የሚከተለው ነው፤ ይኸውም በደሉ በሰው ሁሉ ፊት ተሠርቶ ሳለ ይቅርታው በጓዳ፥ በሹክሹክታ፥ ያውም «ካጠፋሁ» በሚል ቃል ተሸፍኖ መቅረቡ ነው። ይህ ልማድ በጽዋው ማኅበርም፥ በዕድሩም፥ በሰበካ ጉባኤውም ሥር ሰዷል። ሥር የሰደደውም ሰው ሁሉ እንደ ጨዋነት ስለሚቈጥረው ነው። ጨዋነት ግን አይደለም፤ ዕዳን ሳይከፍሉ የከፈለ ሰው መምሰል ነው።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በአንድ ደብር 40 ሰው ተሰብስቦ ስለ ዕቃ ቤቱ ይመካከራል እንበል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የተከበረ ሰው ተነሥቶ፥ ባለፈው ዓመት ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ከሰጡት ምንጣፍ 2ቱ የት እንደ ገቡ የዕቃ ቤቱን ጠባቂ ይጠይቃል። ጠባቂውም መዝገቡን አይቶ ይመልስ ዘንድ ጊዜ ቢለምን፥ ያ ሰው «ሌባ መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል!» ይላል። ጉባኤው ይሥቃል፤ ጠባቂው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በሳምንቱ ምንጣፎቹ በሌላ ክፍል ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ በመዝገብም በደንብ ተጽፈዋል። የተከበረውም ሰው ከቅዳሴ በኋላ ጠባቂውን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ለብቻው አግኝቶ፥ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፥ «ያን ዕለት አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ተቈርቍሬ ነው» ይለዋል። ጠባቂውም ምን ያድርግ? «እግዜር ይቅር ይበለን» ብሎ ያልፋል። ነገሩም አለቀ ይባላል።

ነገሩ ግን አላለቀም፤ ሒሳቡ ይህን ያሳያል። ከ40ው ሰው ከሳሹና ተከሳሹ ቢቀነሱ 38 ሰው ይቀራል። እነዚህ 38 ሰዎች «ሌባ» የሚለውን ቃል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ «ይቅር በለኝ» የሚለውን ግን አንድም የሰማ የለም። ከጉባኤው ወጥተው ወደየቤታቸው በገቡ ጊዜ ነገሩን ለሚስትና ለጎረቤት አውርተዋል፤ ሣቁንም ጭምር አስመስለው ተናግረዋል። እንግዲህ ጠባቂው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ የሚከተሉት ዓይኖች ጥቂት አይደሉም። ልጁ «የሌባ ልጅ» ተብሎ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ቢመጣ፥ በደጀ ሰላሙ አጠገብ በሹክሹክታ የተነገረው ይቅርታ ምን ይረዳዋል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። ከዚህም በላይ በሚመጣው ጉባኤ ጠባቂው አይናገርም፤ የእርሱን ውርደት ያዩ ወጣቶችም አይናገሩም። ዕቃ ቤቱ በእውነት ቢዘረፍ እንኳ ያየ ሰው አይቶ ዝም ይላል፤ ቢናገር የሚደርስበትን ያውቃልና። በዚህ ዓይነት አንድ ያልታረመ ቃል የጉባኤውን ሁሉ አፍ ይዘጋል።

«ካጠፋሁ» የሚለው ቃልም ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ ቃል መጀመሪያ ላይ የቆመችው «ካ» አንዲት ፊደል ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። ትናንት በ40 ሰው ፊት የተሠራውን በደል ወስዳ፥ ተሠርቶ ይሆን ወይስ አልተሠራም ወደሚያሰኝ ጥርጥር ትለውጠዋለች። «ቅር ያለው ሰው ካለ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጥፋቱን ከተናጋሪው አፍ አንሥቶ በሰሚው ሆድ ውስጥ ይጥለዋልና፤ የበደለ ሰው የለም፥ ሆደ ባሻ ሰው ግን አለ ማለቱ ነው። «ተቈርቍሬ ነው» የሚለውም ከሁሉ ይከፋል፤ በደሉን ወደ ትሩፋት ይለውጠዋልና፤ ተበዳዩ ይቅር ከማለትም አልፎ ሊያመሰግን ይገባዋል እንደ ማለት ይሆናል። የቀድሞ ሰዎች ግን በዚህ አይታሙም። በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበደለው ሰው ፊት ይቀርብ ነበር፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ድንጋይ «ምናልባት» አያውቅም፤ ተበዳዩ አውርድ እስኪለው ድረስ ይከብዳል። የዛሬው በደለኛ ድንጋዩን ጥሎ በስፍራው «ካ»ን ተሸከመ፤ እርሷም ስለማትከብደው የተሸከመ መሆኑን ራሱም ረሳው።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ሁለቱ ዓይነት ይቅርታዎች በሁለት ነገሥታት ታሪክ ተጽፈው ይገኛሉ። ሳኦል በአማሌቅ ዘመቻ የታዘዘውን ሳይፈጽም በቀረ ጊዜ፥ ሳሙኤል ቢመጣበት አስቀድሞ ፈጽሜአለሁ አለ፤ የበጎቹ ጩኸት ቢያጋልጠው ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ አላከከ፤ በመጨረሻም መበደሉን ካመነ በኋላ ወዲያው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነቢዩን ለመነ (1ኛ ሳሙ. 15)። እንግዲህ የሳኦል ሐሳብ ስለ በደሉ ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነበር። ዳዊት ግን ናታን በምሳሌ አዋዝቶ ጥፋቱን በገለጠለት ጊዜ በአጭር ቃል መበደሉን አመነ፤ በቤርሳቤህም፥ በኢዮአብም፥ በሌላም ሰው አላሳበበም (2ኛ ሳሙ. 12)። በኀጢአት ብዛት የሚመዘን ቢሆን የዳዊት ከሳኦል ያነሰ አልነበረም፤ ሰውን አስገድሏልና። ልዩነቱ በይቅርታው ነው። 50ኛው መዝሙር ርእሱ ሳይቀር የናታንንና የቤርሳቤህን ስም ይዞ ጥፋቱን ያስታውሳል፤ ካህናትና ምእመናንም እስከ ዛሬ ድረስ በጸሎት ይደግሙታል። ንጉሡ ጥፋቱን ሊሸፍን ቢወድ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጸሎት ባጣች ነበር።

የዚህ ልማድ ጠበቆች ግን ሦስት መከላከያ አላቸው። መጀመሪያው፥ ሽማግሌ ወይም ካህን በጉባኤ ፊት «ተሳስቻለሁ» ካለ ክብሩ ይወድቃል፥ ክብሩም ከወደቀ የሚሰማው አይኖርም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች በምን ዓይነት ትምህርት እንዳደጉ ረስተዋል። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ደቀ መዝሙር ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በነገራ ጊዜ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። ቤቱ ቢጎድል፥ ቃሉ ከአገባቡ ቢወጣ፥ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ባይገጥም መምህሩ በሁሉ ፊት ያርመዋል። ደቀ መዝሙሩም «አጥፍቼ ከሆነ» አይልም፤ እርማቱን ተቀብሎ በማግሥቱ የተሻለ ይዞ ይመለሳል። በንባብም እንዲሁ ነው፤ ዲያቆን ምንባብ ሲያሰማ አንድ ቃል ቢስት በአጠገቡ ያሉት ካህናት ያቀኑታል፤ እርሱም የቀናውን ቃል ደግሞ ንባቡን ይቀጥላል። ዲያቆኑ ተዋረደ የሚል የለም፤ ምንባቡ ቀና ይባላል እንጂ። ታዲያ በፊደልና በቅኔ ይህን ያህል መታረምን የለመደ ሰው፥ በሰው ስም ላይ ለሠራው ስሕተት መታረምን ስለ ምን እንደ ሞት ይቈጥረዋል? ፊደል ከሰው ስም ይበልጣልን?

ደግሞም ክብር በመታረም የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የጴጥሮስ ክብር በወደቀ ነበር። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ በርናባስም ሳይቀር በዚሁ ነገር ተሳበ፤ ጳውሎስም ነገሩን አይቶ በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2)። በዚያች ሰዓት ጴጥሮስ ምን እንደ መለሰ መጽሐፍ አይናገርም። ነገር ግን በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ጳውሎስን ተወዳጅ ወንድም ብሎ ይጠራዋል፤ ከላይ በተሰጠው ጥበብ መጻፉንም ይመሰክርለታል (2ኛ ጴጥ. 3)። በሰው ፊት የገሠጸውን ባልንጀራ፥ ለዘመን ሁሉ በሚነበብ ጽሑፍ እንዲህ ማክበር የወደቀ ሰው ሥራ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም የአንጾኪያን ነገር እያነበበች ጴጥሮስን ሊቀ ሐዋርያት ማለትን አልተወችም።

ከሐዋርያት በኋላ የተደረገ አንድ ጉባኤም ለዚህ ምስክር ይሆናል። በ3ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የእስክንድርያ 14ኛው ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ዲዮናስዮስ ያደረገውን አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ7ኛው መጽሐፉ ጽፎታል። ዛሬ ፋዩም በሚባለው በግብፅ አገር በአርሲኖኤ አውራጃ፥ ኔጶስ የተባለ ጳጳስ ከትንሣኤ በኋላ 1,000 ዓመት በምድር ላይ ሥጋዊ ደስታ ይሆናል ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ብዙዎችን ስቦ፥ አብያተ ክርስቲያናት እስኪለያዩ ድረስ ክርክር ሆኖ ነበር። ኔጶስም በዚያን ጊዜ ሞቶ ነበር። ዲዮናስዮስ ከመንበሩ ሆኖ የውግዘት ደብዳቤ በመላክ ነገሩን አልቈረጠም፤ ወደ ስፍራው ወርዶ በየመንደሩ ያሉትን ቀሳውስትና መምህራን ሰበሰበ፤ ሊሰማ የወደደ ሕዝብም እንዲገኝ አደረገ። መጽሐፉንም በመካከል አኑረው ከጧት እስከ ማታ 3 ቀን ሙሉ መረመሩት። ዲዮናስዮስ ስለ ሟቹ ጳጳስ ሲናገር ሃይማኖቱን፥ ትጋቱንና የደረሰውን መዝሙር አመስግኖ ስሕተቱን ብቻ ነቀፈ። በፍጻሜውም የዚያ ትምህርት መሪ የነበረው ቆራቅዮን በተሰበሰቡት ሁሉ ፊት ስሕተቱን አመነ፤ ከዚያም ወዲያ ትምህርቱን እንዳይዘው፥ እንዳያስተምረውም ቃል ገባ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፥ ቆራቅዮን ያስተማረው በአደባባይ ስለ ነበረ የተመለሰውም በአደባባይ ነው። ለዲዮናስዮስ ብቻ በጆሮው ሹክ ብሎለት ቢሄድ ኖሮ፥ በየመንደሩ ያሉት ተከታዮቹ መምህራችን ተገዶ ነው እያሉ በክርክሩ ጸንተው በቀሩ ነበር። ሁለተኛው፥ ዲዮናስዮስ የሰዎቹን መመለስ እንደ ሽንፈት አልቈጠረባቸውም፤ ይልቁንም በሥርዓት መጠየቃቸውን፥ የቀድሞ አሳባቸውን በግትርነት አለመያዛቸውንና የቀናውን ለመቀበል አለማፈራቸውን አመሰገነ። ይህ አባት ራሱም ከመታረም አላመለጠም። ሰባልዮስን ሲቃወም በጻፈው ደብዳቤ ስለ ወልድ የማይመች ምሳሌ ስለ ሰጠ፥ በሮሙ ጳጳስ ዘንድ ተከሰሰ፤ እርሱም አራት መጻሕፍት ጽፎ ሃይማኖቱን ገለጠ፤ እነዚያንም ምሳሌዎች በችኮላ የጠቀሳቸው የማይበቁ ምሳሌዎች እንደ ሆኑ አልሸሸገም። ሐዋርያዊው አትናቴዎስም ከብዙ ዘመን በኋላ ለዚህ አባት ጠበቃ ሆኖ ሲጽፍ ይህንን ቃሉን ጠቅሶለታል። ስሕተቱን ማመኑ መከላከያ ሆነለት እንጂ መክሰሻ አልሆነበትም።

ተቃራኒውም በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቷል። በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ሰንበት የተነሣው ክርክር የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከሌላው ለይቷቸው ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1400 ዓ.ም. በአባ ፊልጶስ የሚመሩት እነዚህ መነኰሳት ወደ ዐፄ ዳዊት ከተማ ተጠርተው፥ ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ በርተሎሜዎስ ባለበት ቢጠየቁ ቅዳሜን ማክበር አንተውም ስላሉ ታሰሩ። እስራት ግን ክርክርን አይፈታም። ንጉሡ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1404 ዓ.ም.፥ ፈትቶ እንደ ልማዳቸው እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ነገሩ ጨርሶ የተዘጋው ግን በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። በዚያም ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቅዳሜን ሰንበት መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት መቀበልን እሺ አሉ። ሁለቱም ወገን ከያዘው ነገር አንዳንድ ለቀቀ፤ በለቀቀውም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሆነች። በ1400 ዓ.ም. በጉባኤ የታፈነው ነገር በጉባኤ እስኪፈታ 50 ዓመት ፈጀ። ባልንጀራውን አፉን በማስያዝ የረታ የሚመስለው ሰው ይህን ዋጋ ሊያስብ ይገባዋል።

የልማዱ ጠበቆች ሁለተኛ መከላከያ፥ ኀጢአትን ለነፍስ አባት መናዘዝ ይበቃል፥ በጉባኤ መናገሩ ትርፍ ነው የሚል ነው። ንስሓ ምሥጢር መሆኑ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ንስሓ በደለኛውን ከእግዚአብሔር ጋራ ያስታርቀዋል እንጂ፥ ነፍስ አባት የ38ቱን ሰዎች ጆሮ ሊያጥብ አይችልም። የሰረቀ ሰው የሰረቀውን ሳይመልስ ተናዝዤአለሁ ቢል የሚቀበለው ካህን ማን ነው? ስምም ንብረት ነው፤ ከምንጣፍም ይበልጣል። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ በልቤ ተጸጽቻለሁ ብሎ ዝም አላለም፤ ቆሞ የቀማውን 4 እጥፍ እንደሚመልስ ሰው እየሰማ ተናገረ (ሉቃ. 19)። ጌታም ራሱ መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ቢያስብ፥ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5)። መሠዊያው እንኳ ቈይቶ የሚጠብቀውን ዕርቅ፥ ንስሓን ምክንያት አድርጎ መዝለል መድኀኒቱን ለበሽታው ጋሻ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁለቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ከወንጌል የተጠቀሰ ነውና። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ ብቻውን ሆኖ ሳለ ገሥጸው ብሎ ያዘዘ ስለ ሆነ (ማቴ. 18) ነገሩ በጓዳ ማለቅ ይገባዋል ይላሉ። ትእዛዙ ግን የተሰጠው ለተበዳይ ነው እንጂ ለበዳይ አይደለም። ተበዳይ የወንድሙን ነውር እንዳይገልጥ፥ አስቀድሞ ለብቻው ይናገር ተባለ፤ በአደባባይ የሰደበ ሰው በጓዳ ይካስ ግን አልተባለም። ይልቁንም ያ የተከበረ ሰው ይህን ወንጌል ቢያስታውስ ኖሮ፥ ጠባቂውን አስቀድሞ ለብቻው በጠየቀው ነበር፤ ምንጣፎቹም ያን ጊዜ በተገኙ ነበር። ሲከስ የናቀውን ወንጌል ሲካስ ይጠቅሰዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ በሽማግሌ ላይ ያለ 2 ወይም 3 ምስክር ክስ እንዳይቀበል ከነገረው በኋላ፥ የበደሉትን ግን ሌሎች እንዲፈሩ በሁሉ ፊት እንዲገሥጽ ያዝዘዋል (1ኛ ጢሞ. 5)። ክስ እንዲዘገይ፥ እርማት ግን እንዲገለጥ ሥርዓት ተሠርቷል፤ የዛሬው ልማድ ይህን ገልብጦ ክሱን ገለጠ፥ እርማቱን ሸሸገ።

ይህን ሁሉ ሲሉ ግን ከጽንፍ ወደ ጽንፍ መዝለል አይገባም። ጉባኤው ስለ ጮኸ ብቻ እውነትን ተናግሮ ይቅርታ የሚለምንም ሰው አለ፤ ይህ ትሕትና ሳይሆን ፍርሃት ነው። የጴጥሮስ ጥፋት በአንጾኪያ ይኸው ነበር፤ የቀናውን ሥራ ሰው ፈርቶ ተወው። ስለዚህ ተናጋሪ ነገሩንና አነጋገሩን ለይቶ ሊመዝን ያስፈልገዋል። ነገሩ እውነት ሆኖ አነጋገሩ ስድብ ያለበት እንደ ሆነ፥ ስለ ስድቡ ይቅርታ ይለምን፥ በእውነቱ ግን ይጽና፤ ሁለቱን ቢቀላቅል ወይ እውነቱን ያጠፋል፥ ወይ ስድቡን ያጸድቃል። በየጉባኤው ሁሉ «ይቅርታ» እያለ በየጉባኤው ሁሉ ያንኑ የሚደግም ሰውም አለ፤ እርሱ ይቅርታን ለሚቀጥለው ስድብ እንደ ቀብድ ይከፍላል።

ደግሞም ጥፋቱ ሁሉ የበደለኛው ብቻ አይደለም። ሰዎች ጥፋታቸውን በግልጥ ማመን የሚፈሩት ጉባኤው ያመነን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ስላዩ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ተሳስቻለሁ» ባለ ጊዜ ከኋላ የሚሣቅ፥ ከዓመት በኋላም በሌላ ነገር ሲናገር «ይህ ያን ጊዜ የተሳሳተው አይደለምን?» የሚባል ከሆነ፥ ሁለተኛ ማን ይናገራል? ጳውሎስ በቆሮንቶስ ስለ ተቀጣው ሰው ሲጽፍ፥ ቅጣቱ እንደሚበቃው፥ ከእንግዲህ ግን ኀዘን እንዳይውጠው ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ይለምናል (2ኛ ቆሮ. 2)። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜም በደጅ ቆሞ አልገባም ያለው፥ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ታላቅ ወንድሙ ነበር (ሉቃ. 15)። በየጉባኤው እንዲህ ያሉ ታላላቅ ወንድሞች አይታጡም፤ እነርሱ ተሳስተው የሚያውቁ አይመስላቸውምና። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አውርድ ማለት የተበዳዩ ግዴታ እንደ ነበረ፥ ዛሬም ይቅርታ የተለመነ ጉባኤ ነገሩን ዘግቶ ሁለተኛ እንዳይነሣ ማድረግ ግዴታው ነው። ይህን የማያደርግ ጉባኤ ሰዎች ሐሰትን እንዲለምዱ ያስተምራል።

ይቅርታም ከቃል አልፎ ትምህርት ካልሆነ ፍሬ የለውም። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ በሸመገለ ጊዜ፥ በ426ና በ427 ዓ.ም. ግድም፥ በዕድሜው የጻፋቸውን 93 ሥራዎች አንድ ባንድ እየመረመረ፥ ያልተስማማውን የሚያርም መጽሐፍ ጻፈ። ስሙ በአገሩ ሁሉ ገንኖ ሳለ፥ ማንም ሳያስገድደው፥ ስሕተቱን በገዛ እጁ ጽፎ ለአንባቢ ሰጠ። ከእርሱ ጥቂት አስቀድሞ፥ በ390 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ከተማ ስለ ተገደለው ሹም ተቈጥቶ ብዙ ሕዝብ አስፈጅቶ ነበር። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስም ከቍርባን ከለከለው፤ ንጉሡም በሕዝብ ፊት ንስሓ ገባ። ታሪክ ጸሓፊው ቴዎዶሪጦስ እንደሚለው፥ ንጉሡ በለቅሶ ብቻ አላበቃም፤ በሰው ላይ የተፈረደ የሞት ፍርድ 30 ቀን ሳይቈይ እንዳይፈጸም ሕግ አወጣ። በችኮላ የበደለ ሰው በገዛ ችኮላው ላይ አጥር ሠራበት ማለት ነው። ከስሕተት መማር ይህ ነው፤ የተሳሳቱበትን መንገድ አውቆ በዚያው መንገድ ላይ በር መዝጋት።

ለአንድ ሰበካ ወይም ለአንድ ዕድር ይህን የመሰለ ሥርዓት መሥራት አይከብደውም። የሰው ስም የሚነካ ነገር ባለቤቱ አስቀድሞ ለብቻው ሳይጠየቅ ወደ ጉባኤ እንዳይቀርብ፤ የተጠየቀ ሰው መዝገብ አይቶ እንዲመልስ እስከሚመጣው ስብሰባ ጊዜ እንዲሰጠው፤ በጉባኤ የተነገረ ሐሰት በዚያው ጉባኤ እንዲታረም፤ እርማቱም እንደ ክሱ ሁሉ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ፤ ከተጻፈም በኋላ ማንም እንዳያነሣው ቢወሰን፥ ምንም ወጪ አያስወጣም። የሚያስወጣው ኩራትን ብቻ ነው።

ያ የተከበረ ሰውም የሚናገረው ቃል ረጅም አይደለም። በሚመጣው ስብሰባ፥ 40ው ሰው ባለበት፥ ጠባቂውም በተቀመጠበት፥ ተነሥቶ እንዲህ ይበል፦ «ባለፈው ጊዜ በዚህ ቦታ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ሐሰት ነበር። ምንጣፎቹ ተገኝተዋል፤ በመዝገብም ተጽፈው ነበር። መልሱን ሳልጠብቅ ተናግሬ በድዬዋለሁ፤ በፊታችሁ ይቅርታ እለምነዋለሁ፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ።» ይህን ለመናገር ስድቡን ከመናገር ጥቂት ቢበልጥ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። 38ቱም ሰዎች ወደየቤታቸው ሲገቡ እንደ ፊተኛው ሁሉ ለሚስትና ለጎረቤት ያወሩታል፤ የጠባቂውም ልጅ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሳያለቅስ ይመለሳል።